ሬዲዮ ቻይንኛ ሲማር

እናት አባቱ ያወጡለት ስም ነበረው፤ በሥራ ቦታው ግን ያንን ስም የሚያውቀው የጠዋት መፈረሚያው መዝገብ ብቻ ነበር። ለሰው ሁሉ ሬዲዮ ነው። የአርባ ሰባት ዓመት ጎልማሳ፣ የሊፍት መካኒክ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላው ሰው እንዲወጣና እንዲወርድ ሲደክም የኖረ። እጁ የተባረከ ነው ይሉታል። አፉ ግን እረፍት አያውቅም። ብሎን ሲፈታ ያወራል፣ ብሎን ሲያጠብቅ ያወራል፣ ብሎን ሲጠፋበት ደግሞ ከጠፋው ብሎን ጋር ያወራል። ወሬው አይሰለችም፤ ችግሩ ሰው ሥራም እንዳለው መርሳቱ ነው።

አንድ ቀን አለቃው ቢሮ ጠራው። ድርጅቱ ከሦስት ዓመት ወዲህ የሚተክላቸው ሊፍቶች መመሪያቸውም፣ የመቆጣጠሪያ ሳጥናቸው ጽሑፍም፣ ብልሽት ሲኖር በትንሿ መስኮት ላይ ብልጭ የሚለው መልእክትም በቻይንኛ ነው። መካኒኮቹ የሚሠሩት በግምት ነበር፤ ግምት ደግሞ ስምንተኛ ፎቅ ላይ አያምርም። አሁን ሊፍቶቹን የሚሠራው ፋብሪካ «አንድ ሰው ላኩልን፣ እናስተምርላችሁ» ብሏል፤ አሥር ሳምንት፣ ቋንቋው በሚነገርበት አገር፣ ሌላ ቋንቋ ትንፍሽ በማይባልበት ትምህርት ቤት።

«አንተን መርጠንሃል» አለው አለቃው።

«እኔን? በዚህ ዕድሜዬ? ልጆቹ እያሉ? የእኔ ጭንቅላት እኮ ሞልቷል፤ አንድ ቃል ቢገባ አንድ ቃል ይወጣል። ደሞስ...»

«በሙሉ ድምፅ ነው የተመረጥከው።»

ሬዲዮ ልቡ ተነካ። ባልደረቦቹ እንዲህ ያከብሩኛል ብሎ አስቦ አያውቅም። የኋላ ኋላ የሰማው እውነት ግን ሌላ ነው፤ በስብሰባው ላይ ኤሌክትሪሺያኑ ተነስቶ «ሬዲዮ ቢሄድ እኮ አሥር ሳምንት ጆሯችን ያርፋል» ሲል የሁሉም እጅ ተነሳ፤ ድምፅ የመስጠት መብት የሌለው ዘበኛ እንኳ ከበሩ ላይ ሆኖ እጁን አውጥቶ ነበር።

ሚስቱ ፋርማሲስት ናት፤ ቃሏን እንደ ኪኒን ቆጥራ የምትሰጥ ሴት። ሻንጣውን ስታዘጋጅለት የትምህርት ቤቱን ወረቀት አንስታ አነበበችው።

«ከቻይንኛ በቀር መናገር ክልክል ነው ይላል። አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«አሥር ሳምንት?»

«አሥር ሳምንት።»

ሚስቱ ሻንጣው ላይ ቁጭ አለችና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ የደም ግፊት ኪኒኑን ጠቅልላ ኪሱ ውስጥ ከተተችለት። «ማታ ማታ፣ ከመተኛትህ በፊት፣ በብዙ ውሃ» አለችው። ሌላ ምክር አልጨመረችም።

ትምህርት ቤቱ የአንድ የቢሮ ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። በመጀመሪያው ጠዋት አሥራ ሁለቱም ተማሪዎች ቃል ገብተው ፈረሙ። ሕጉ አጭር ነው፤ በክፍልም፣ በደረጃም፣ በምሳ ሰዓትም፣ ባረፉበት ቤትም ቻይንኛ ብቻ። እሑድ እሑድ ብቻ ለግማሽ ሰዓት ቤተሰብ ጋር መደወል ይቻላል። በሌላ ቋንቋ የተናገረ በደረቱ ባንጠለጠለው መታወቂያ ላይ ክብ ቀይ ወረቀት ይለጠፍበታል። ሦስት ቀይ የሞላለት በማግስቱ ወደ አገሩ።

አስተማሪዋ ቀጠን ያለች፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ፈገግታዋን ቤቷ ትታ የምትመጣ የምትመስል ሴት ናት። ተማሪ ሲሳሳት አትቆጣም፤ «ዛይ ላይ!» ትላለች፤ «እንደገና!» ማለት ነው። ትክክል ሲሆንም «ዛይ ላይ!» ትላለች፤ እንዳይጠፋ። በሁለተኛው ቀን ተማሪው ሁሉ በልቡ ዛይላይ ብሎ ሰይሟታል።

ከሬዲዮ አጠገብ የተቀመጠችው ተማሪ ደግሞ እንደ ፈተና የተላከች ነበረች። የጥርስ ሐኪም ናት፣ የአገሩ ልጅ! ስትገባ ቦርሳዋ ላይ የተሰፋውን የአማርኛ ጽሑፍ ሲያይ ልቡ ዘለለ። ዘሎም ቀረ። ሴትየዋ የፈረመችበትን የማታጥፍ ዓይነት ነች። ሁለት አማርኛ ተናጋሪዎች ጎን ለጎን ቁጭ ብለው ቀኑን ሙሉ በቻይንኛ ያወሩት ይህንን ነው፦

«ሰላም ነህ?»

«ሰላም ነኝ። አንቺ ሰላም ነሽ?»

«ሰላም ነኝ። ይህ ጠረጴዛ ነው።»

«አዎ። ትልቅ ጠረጴዛ ነው።»

ከዚያ ሁለቱም ወደ ጠረጴዛው ይመለከታሉ።

የመጀመሪያው ቀይ የመጣው በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ታጣፊው ወንበር የሬዲዮን ጣት ቆነጠጠው። «ወይኔ!» አለ። ዛይላይ ቀዩን ወረቀት ይዛ መጣች። ሬዲዮ በእጁም በዓይኑም ተከራከረ፤ ይህ ቃል አይደለም፣ ድምፅ ነው፣ ድመትም ጅራቷን ስትረገጥ የምታሰማው ነው። ዛይላይ ፍትሕ የምታውቅ ናትና ወደ ጥርስ ሐኪሟ ዞራ ጠየቀች፤ «ቃል ነው፣ ቃል አይደለም?»

ጥርስ ሐኪሟ ብዙ አሰበች። ጥርሱ ሊነቀል አፉን ለከፈተ ሕፃን እንኳ «አያምህም» ብላ የማትዋሽ ሴት ናት። «ሽ» አለች በመጨረሻ። ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው በማግስቱ ጠዋት ነው፤ ያውም በደግነቱ። ጥርስ ሐኪሟ አስነጠሳት። ሬዲዮ ሳያስበው «ይማርሽ!» አለ። እሷም «ያኑርህ» ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ በሁለት እጇ አፈነችው። አስተማሪዋ ያየችው የሬዲዮን አፍ ብቻ ነው። በሁለት ቀን ሁለት ቀይ። የቀሩት ዘጠኝ ሳምንት ከአምስት ቀን፣ የቀረው አንድ ቀይ።

ከዚያ በኋላ ሬዲዮ አፉን እንደ ሌባ ይጠብቀው ጀመር። ቋንቋው ደግሞ ለጠባቂ አልተመቸም። አንዳንዱ ቃል ያሳስቀዋል፤ «አይደለም» ለማለት «ቡሽ» ይላሉ፤ ጠርሙስ የሚከፍት እየመሰለው ነው የሚክደው። ስልክ ሲያነሱ «ወይ?» ይላሉ፤ መንገድ ላይ ይህንን ሲሰማ የጠራው ሰው ያለ እየመሰለው ስንቴ ዞሯል። የከፋው ዜማው ነው። አንዱ ቃል ከፍ ብሎ ዝርግ ሲል አንድ ነገር፣ ሽቅብ ሲል ሌላ፣ ወርዶ ሲመለስ ሌላ፣ ቁልቁል ሲወረወር ሌላ። «ይሄ ቋንቋ ነው ወይስ መዝሙር?» ይላል በሆዱ። መልሶ ደግሞ ራሱን ይገሥጻል፤ የእኛስ? «ሰውየው ይበላል» ብለን ጽፈን፣ ሰውየው በላተኛው ይሁን የሚበላው ማን ለእንግዳ ነገረው?

ቤታቸው ያረፈባቸው እናት ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶብስ ሹፌር ናቸው። «አዪ በለኝ» አሉት ደረታቸውን እየነኩ፤ አክስት ማለት ነው። ሬዲዮ በጠራቸው ቁጥር አንዳች ሐዘን የደረሰበት ይመስለዋል፤ «አዪ! አዪ!» ሴትየዋ ግን ደስ ይላቸዋል። ሁለት ጠባብ ክፍል፣ በር ላይ የጫማ መደርደሪያ፣ እንግዳ የሚጫማት አረንጓዴ ነጠላ ጫማ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ በሥራ ዘመናቸው ይዘውት የነበረው የአውቶብስ መሪ ተሰቅሏል። ሰሞኑ ሙቀት ነው፤ መስኮቱ ተከፍቶ እንኳ ነፋስ የሚባል ዝር አይልም።

በመጀመሪያው ምሽት ሬዲዮ ኪኒኑን ሊውጥ ፈለገ። ሰው ጓዳ ገብቶ ዕቃ ማንሳት ነውር ነው፤ ስለዚህ ከመጽሐፉ ያጠናውን ቃል ይዞ ወጣ። «አዪ፣ ቤይዝ» አለ፤ ኩባያ። ሴትየዋ በግርምት አዩት። ደጁን አዩ፤ ላባቸውን ጠረጉ። ከዚያ ቁም ሣጥን ከፍተው ወፍራም ብርድ ልብስ አውጥተው አሸከሙት።

ሬዲዮ አመስግኖ ተቀበለ። ምን ይበል? ክፍሉ ገብቶ ብርድ ልብሱን አልጋው ላይ አኖረና መታጠቢያው ቤት ሄዶ ኪኒኑን በእፍኙ ውሃ ዋጠው።

በማግስቱ ምናልባት አልሰሙኝ ይሆናል ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ቤይዝ!» ሁለተኛ ብርድ ልብስ መጣ፤ ከፊተኛው የወፈረ። በሦስተኛው ቀን ጉሮሮውን እየነካ በምልክት አገዘው። ሴትየዋ «አይ ልጄ፣ ብርድ መቶታል» ብለው አዘኑና ብርድ ልብስ ከነአንገት ልብሱ አመጡ። ይህ ሰው ከየት ያለ ሙቅ አገር ቢመጣ ነው፣ በዚህ ሐሩር የሚንቀጠቀጠው? ለጎረቤት ሁሉ አወሩ። ከላይ ፎቅ ያሉት ጡረተኛ ነርስ የራሳቸውን ብርድ ልብስ ይዘው ወረዱ። በሳምንቱ መጨረሻ ሬዲዮ የሚተኛው በሰባት ብርድ ልብስ ላይ ነው፤ ከአልጋው ለመውረድ መዝለል ግድ ሆነ፤ ኩባያ መጠየቁንም ተወው።

እሑድ ሚስቱ ጋር ደወለ። ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ ሳይተነፍስ አወራ፤ ስለ ዛይላይ፣ ስለ ቀዩ፣ ስለ ጠረጴዛው። በመጨረሻዋ ደቂቃ ሚስቱ «ኪኒንህን ትወስዳለህ?» አለችው።

«እወስዳለሁ፤ ግን በእጄ ነው የምጠጣው፣ ምክንያቱም ሰባት ብርድ...»

ሰዓቱ አለቀና ስልኩ ተቋረጠ። ሚስቱ ሳምንቱን ሙሉ ነገሩን ስታሰላስል ከረመች።

አምስተኛው ሳምንት ሲደርስ የሬዲዮ ባትሪ አለቀ። ሌሎቹ እየተሳሳቱም ያወራሉ፤ እሱ ስለ አንዲት ቀይ ወረቀት ሲጨነቅ የሚያውቀውንም መናገር ተወ። የቃል ፈተና ላይ አስተማሪዋ ስትጠይቀው «ሽ» እና «ቡሽ» ብቻ መለሰ። ክፍል ሲያበቃ አስቀረችው፤ ቀስ ብላ፣ እንዲገባው አድርጋ ነገረችው።

«አሥራ አንዱ ተማሪ አፉ ይሳሳታል። አንተ አፍህን ትፈራለህ። ተሳሳት። ካልተሳሳትክ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አገርህ እልክሃለሁ።»

ሬዲዮ ያንን ቀን ወደ ቤት የሄደው በእግሩ ነው። በሕይወቱ «አወራህ» ተብሎ ብዙ ተወቅሷል፤ «ዝም አልክ» ተብሎ ሊባረር ነው። ለማን ይነገራል? ለዚያውም በምን ቋንቋ?

በማግስቱ ጠዋት ምድር ቤት ሊፍት ሲጠብቅ ዛይላይ እያነከሰች መጣች። ቁርጭምጭሚቷ ወለም ብሎታል። ሁልጊዜ ሰባቱንም ፎቅ በደረጃ ነበር የምትወጣው፤ ተማሪዎቹ ለስፖርት ይመስላቸው ነበር። ሊፍቱ ሲከፈት ግን ሬዲዮ ፊቷን አየ። ሃያ ሁለት ዓመት ሊፍት ላይ የኖረ ሰው ይህን ፊት ያውቀዋል፤ ሳጥኑን እንደ መቃብር የሚያይ ሰው ፊት ነው። በሩን በእጁ ያዘላት። ገባችና ጥግ ተለጥፋ ቆመች።

አራተኛውን ፎቅ እንዳለፉ ከላይ አንድ ነገር «ቀጭ» አለ፤ ሊፍቱ ቆመ። መብራቱ ብልጭ ብሎ ተመለሰ።

ሬዲዮ ድምፁን በመስማት ብቻ አወቀው፤ የአንዱ ፎቅ በር መዘጋቱን ለማሽኑ የሚነግረው ኮንታክት ቆሽሿል። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ። የአደጋ ደወሉን ተጫነ። ከደወሉ ድምፅ ማጉያ «ወይ?» አለ አንድ እንቅልፋም ድምፅ።

ሬዲዮ በቻይንኛ ተናገረ። «ሊፍት አይሄድም። ሰው ሁለት። አንዱ ደህና። አንዱ...» ወደ አስተማሪዋ ዞሮ አየ። «አንዱ ነጭ» አለ።

መካኒኩ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው፤ አርባ ደቂቃ ጠብቁ አላቸው ድምፁ። ዛይላይ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ትንፋሿ አጠረ።

«አንተ መካኒክ ነህ» አለችው። «ክፈተው!»

ሬዲዮ እጁን በላው። ግን ከውስጥ በር የሚፈለቅቅ መካኒክ መካኒክ አይደለም፤ ለስንቱ ተለማማጅ ሲያስተምር የኖረው ነው። ይህንን ሁሉ ለማስረዳት ቃል ፈለገ፤ ያገኘው ይህንን ነው፦ «እኔ ውጭ፣ መካኒክ። እኔ ውስጥ፣ ዕቃ።»

«ይወድቃል?» አለች።

እዚህ ላይ ሬዲዮ እውቀት አለው። ይህ ሳጥን የተንጠለጠለው በአራት የብረት ገመድ ነው፤ አንዱ ብቻውን ሁሉንም ይችላል። ሊያጽናናት ጎንበስ አለና ጣቱን ወደ ጣሪያው ቀስሮ፣ ከወትሮው አጥርቶ «አራት ገመድ! አራት! አራት!» አለ። ለአራት የሚባለው ቃል «ስ» ነው፤ ቁልቁል ሲወረወር። ሬዲዮ ግን ከጭንቀቱ የተነሳ አወረደና መለሰው። ያ ደግሞ ሞት ነው።

ዛይላይ የሰማችው «የሞት ገመድ! ሞት! ሞት!» የሚል ነው። ጩኸቷ ሰባተኛ ፎቅ ተሰማ።

ሬዲዮ ደነገጠ። አራት ጣቱን አውጥቶ ፊቷ ላይ ዘረጋ። «ስ! ስ!» አራቱን ጣት ተመለከተች፤ ጣሪያውን ተመለከተች፤ እንደገና ጣቱን። እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣ ሙያዋ ሆኖባት አረመችው።

«ስ ቁልቁል ነው! አራት! ያልከው ሞት ነው!» ትንፋሽ ወሰደች። «ዛይ ላይ።»

«ስ።»

«ዛይ ላይ!»

«ስ!»

በአሥረኛው ላይ አራት ሆነ። ሬዲዮም አንድ ነገር ልብ አለ፤ ሴትየዋ ስታርመው ትንፋሿ ይረጋጋል። ዝም ሲል ይመለስባታል። ወይ ጉድ! እንግዲህ ሥራው ታወቀ። አርባ ደቂቃ ማውራት፣ ያውም እየተሳሳቱ። ለዚህስ ማን እንደ እሱ?

ጀመረ። ስለ ሚስቱ አወራ፤ መድኃኒት ትሸጣለች፣ ቃል አትሸጥም። ስለ አለቃው አወራ። የማያውቀውን ቃል በእጁ፣ እጁ ያልቻለውን በፊቱ ሠራው። ስታርመው ይደግማል፤ ደግሞ ሌላ ይሳሳታል። ከዚያ ስለ አዪ ጀመረ። «አዪ ጥሩ ሰው። እኔ ኪኒን አለኝ። ውሃ እፈልጋለሁ። አዪ ብርድ ልብስ ትሰጠኛለች። ሰባት።»

ዛይላይ ግራ ገባት። «ምን ብለህ ጠየቅካት?»

«አዪ፣ ቤይዝ።»

አስተማሪዋ ዓይኗ ፈጠጠ። «ዛይ ላይ?»

«ቤይዝ።»

እንዲህ ያለ ሳቅ ከዚያች ሴት ይወጣል ብሎ ማን ይገምታል? ጉልበቷን አቅፋ ሳቀች። ከፍ ብሎ ዝርግ ሲል ኩባያ ነው፤ ሲወድቅ ግን ብርድ ልብስ ነው፤ በዚያ ሁሉ ሐሩር ብርድ ልብስ ሲለምን ኖሯል! ሬዲዮ ነገሩ ሲገባው መጀመሪያ ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ እሱም ወለሉ ላይ ተቀምጦ ይስቅ ጀመር።

በዚህ መሐል ሊፍቱ ስንዝር ያህል ወርዶ «ድም» ብሎ ቆመ። ከላይ ማሽኑ ክፍል መካኒኩ ገብቶ ኖሮ ነው። ዛይላይ ብድግ ብላ ጮኸች፤ ረጅም ነገር ተናገረች። ሬዲዮ አንድም ቃል አልገባውም። ጆሮውን አቀና። አምስት ሳምንት የሰማው ዜማ አይደለም፤ ቻይንኛው አይደለም። እናቷ ያሳደገችበት የመንደሯ ቋንቋ ነው። ሰው ሲደነግጥ ወዴት እንደሚሮጥ ሬዲዮ ያውቃል።

ደረቱ ላይ ካለው መታወቂያ አንዱን ቀይ ወረቀት በጥፍሩ ቀስ ብሎ አላቀቀ፤ ጠጋ ብሎ፣ በአክብሮት፣ በአስተማሪዋ መታወቂያ ላይ ለጠፈው።

ዛይላይ ወደ ደረቷ ጎንበስ ብላ አየች። ለአፍታ ሬዲዮ «በቃ፣ ዛሬ ሻንጣዬን አሰናዳለሁ» ብሎ አሰበ። እሷ ግን ወረቀቱን በአውራ ጣቷ ደህና አድርጋ ተጫነችውና «ልክ ነህ» አለች። በሩ ሲከፈት የትምህርት ቤቱ ኃላፊ፣ ተማሪዎቹና የሕንፃው ዘበኛ ተኮልኩለው ነበር፤ ሬሳ ሊያወጡ የመጡ ይመስላሉ። የወጡት ግን ዓይናቸው ከሳቅ ያበጠ ሁለት ሰዎች ናቸው። አስተማሪዋ ያንን ቀን ሙሉ ከነቀዩ አስተማረች። ማንም ለመጠየቅ አልደፈረም።

በዚያ ምሽት ሬዲዮ አዪ ፊት ቆመ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ዘረጋው። «ቤይዝ።» ሴትየዋ ኩባያ አመጡ። ሲያቀብሉት ቆም አሉ፤ ወደ ክፍሉ በር አዩ፣ ወደ ኩባያው አዩ፤ አምስት ሳምንቱን መልሰው ቆጠሩ መሰለኝ፣ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ሳቃቸውን ሰምተው የላይኛዋ ነርስ ወረዱ፤ ብርድ ልብሳቸውንም በዚያው ይዘው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲያ ሬዲዮን የያዘው የለም። በቻይንኛ ተሳሳተ፣ በቻይንኛ ተከራከረ፣ ዳቦ ቤት ያለችውን ሻጭ በቻይንኛ አሰለቸ። በአሥረኛው ሳምንት የቃል ፈተና ላይ ለአሥራ አምስት ደቂቃ የተመደበለትን ጊዜ አርባ አደረሰው፤ ከውጭ የመጣው ፈታኝ ሁለት ጊዜ «በቃ፣ አልፈሃል» ቢለውም አልወጣም። የጽሑፉን ግን ወደቀ። መጻፍ ዝምታ ይፈልጋል።

ቃል ኪዳኑ የተፈታው በመጨረሻው ቀን ቀትር ላይ ነው። ጥርስ ሐኪሟ ሰዓቷን አይታ ወደ ሬዲዮ ዞረች። ሬዲዮ አሥር ሳምንት የቋጠረውን ሊፈታ አፉን ከፈተ፤ ቀደመችው።

«ወንድሜ፣ ያን ቀን ቃል ነው ብዬ ያስቀጣሁህ እስከ ዛሬ ሆዴን ሲበላኝ ነው የከረመው፤ ግን አስበው፣ 'ወይኔ' እኮ ቃል ነው፣ አይደለም ብል ነገ ደግሞ 'ኧረ' ስትል ምን ልል ነው? ኧረ ስለ ማስነጠሱ ሳልነግርህ፣ እኔ እኮ አቧራ አይስማማኝም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ፣ እናቴ ምን ትለኝ ነበር መሰለህ...»

አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ አወራች። ተሳፍረው አወራች። ሬዲዮ መሐል ለመግባት ሁለት ሦስቴ ሞከረ፤ ክፍተት የለም። ሲወርዱ ሚስቱን አቅፎ የተናገራት የመጀመሪያ ቃል «ሬዲዮን ቴሌቪዥን ገጠመው» የሚል ነበር።

በሳምንቱ አለቃው ወደ አንድ ሆስፒታል ወሰደው። የዚያ ሊፍት ነገር ድርጅቱን አዋርዶታል፤ በየቀኑ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ ይቆማል። ማሽኑ ክፍል ውስጥ፣ በመቆጣጠሪያው ሳጥን ጎን፣ በቀይ ቀለም የተጻፈ አንድ መስመር አለ። መካኒኮቹ ሦስት ዓመት ሙሉ «አትንኩ፣ የሞት አደጋ» የሚል መስሏቸው በሩቁ ነበር የሚያልፉት።

ሬዲዮ ቆመ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ፤ ሁለቱን ፊደል ከመዝገበ ቃላት ፈለገ። ኤሌክትሪሺያኑ ከኋላው አንገቱን አሰገገ።

«ምን ይላል?»

«በየወሩ ይህን ክዳን ክፈቱና አቧራውን ጥረጉ ይላል።»

ማንም አልሳቀም። ክዳኑን ፈቱት። ከውስጥ የወጣው አቧራ ትራስ ይሞላል፤ የማቀዝቀዣው ማራገቢያ ተቀብሮ መዞር አቅቶት፣ ሙቀቱ ሲበረታ ሳጥኑ ራሱን እያጠፋ ነበር። ጠረጉት፣ ነፉት፣ ገጠሙት። አለቃው ከሥሩ ያሉትን ጥቃቅን መስመሮች በጣቱ እያሳየ «እነዚህስ?» አለ።

«እነሱን ገና አላውቃቸውም» አለ ሬዲዮ።

ስምንት ሰዓት ላይ ምድር ቤት ወርዶ ሊፍቱ በር ላይ ቆመ። የጽዳት ሠራተኛ የሆኑ አንዲት እናት ባልዲያቸውን እየገፉ መጡና ፈራ ተባ አሉ።

«በዚህ ሰዓት ይሠራል እንዴ ልጄ? እኔ እኮ ሁልጊዜ በደረጃ ነው የምሸከመው።»

«ይሠራል እማማ፣ ይግቡ። አብሬዎት እወጣለሁ።»

ገቡ። ሴትየዋ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ጀመሩ፤ መቼ እንደጀመራቸው፣ ሐኪሙ ምን እንዳላቸው፣ የልጃቸው ሚስት ምን ቅባት እንዳመጣችላቸው። ሬዲዮ ባልዲውን ይዞላቸው አደመጠ። ሊፍቱ ዘጠነኛ ፎቅ ደረሰ፤ በሩ ተከፈተ፤ ሴትየዋ ግን ገና የግራ ጉልበታቸውን እንኳ አልጨረሱም ነበር።